ብዕር የተነሳለት ሰው
እብደት በሥነ ጽሑፍና በማኅበረሰባችን ዓይን

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደውን አስፋልት ይዞ የሚጓዝ ሰው ሐይቅንና ውጫሌን ካለፈ በኋላ፣ መርሳ ከመድረሱ በፊት ውርጌሳን ያገኛል። እንደ ሌላው የወሎ ከተማ ሁሉ በውርጌሳም የታመመ ይጠየቃል፤ ሐዘንተኛ ይጽናናል፤ የከሰረ ነጋዴ አይዞህ ይባላል። ለዚህ ሁሉ ወሎ አንድ አጭር ቃል አለው፦ «አብሽር!» ምንጩ ዐረብኛ ነው፤ የምሥራች ይድረስህ እንደ ማለት ነው። እግሩ የተሰበረውን አብሽር እንለዋለን። ወባ ያንቀጠቀጠውን አብሽር እንለዋለን። ልጇ የሞተባትን እናት እንኳን እጇን ይዘን አብሽሪ እንላታለን።

ይህ ቃል የማይደርሰው አንድ በሽተኛ ግን አለ። እርሱም አእምሮው የታመመው ነው። እርሱን አብሽር አንለውም። እንዲያውም እናቱ ያወጣችለትን ስም ነጥቀን «እብዱ» የሚል እንተካለታለን። ይህ እንዴት ሆነ? ስለ እብደት የምናውቀውንስ ከየት ተማርነው? ከተረቱ ነው? ከልብ ወለዱ ነው? ወይስ ከዲናችን? እስቲ ታሪኩን ወደ ኋላ ሄደን አብረን እንመልከት።

ቃሉ ምን ይላል?

በዐረብኛ እብድ «መጅኑን» ይባላል። የቃሉ ሥር ትርጉሙ መሸፈን ነው። ከዓይን የተሸፈነው ፍጡር «ጅን»፣ በማሕፀን የተሸፈነው ፅንስ «ጀኒን»፣ በዛፍ ጥላ የተሸፈነው የአትክልት ቦታ «ጀነት» የተባለው ከዚሁ ሥር ነው። ስለዚህ መጅኑን ማለት አእምሮው የተሸፈነበት ሰው ማለት ነው። ልብ በሉ! የተሸፈነ ነገር አልጠፋም። ደመና የሸፈናት ፀሐይ ከቦታዋ እንዳለች ሁሉ፣ የዚህ ሰው ሰውነትና ክብርም ከመጋረጃው በስተኋላ እንዳለ ነው።

አማርኛችን ደግሞ ሌላ መንገድ ይከተላል። «ነካ ያደርገዋል»፣ «ለየለት»፣ «ልክፍት ነው»፣ «ጨርቁን ጣለ» እንላለን። በነዚህ አባባሎች ውስጥ ከውጭ መጥቶ የነካ ነገር አለ፤ ከሰው ተራ መውጣት አለ፤ መራቆት አለ። ተረቶቻችንም ከዚህ የከፉ ናቸው። «እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው» ይባላል። ይህ ተረት ሲነገር ያስቃል። ነገር ግን ታሞ የዳነ፣ ወደ ሥራው የተመለሰ፣ ትዳር ሊመሠርት ያሰበ ወጣት ሲሰማው ምን ይሆናል? ሕይወቱን ሙሉ ከሰዓት በኋላውን እየጠበቁበት እንዲኖር ተፈረደበት ማለት ነው።

ነቢያትም «እብድ» ተብለዋል

ቅዱስ ቁርኣንን የሚያነብ ሰው አንድ የሚደጋገም ክስ ያገኛል። የኑሕ ሕዝቦች ኑሕን እብድ ነው አሉት። ፊርዐውን ሙሳን እብድ ነው አለው። የመካ ሹማምንት ነቢያችን ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ) ይህንኑ አሏቸው። በሱረቱ ዛሪያት እንደተገለጸው፣ ከእርሳቸው በፊት ለነበሩት ሕዝቦች የተላከ መልእክተኛ ሁሉ ወይ ድግምተኛ ወይ እብድ ተብሏል። የሱረቱል ቀለም መጀመሪያ ደግሞ አላህ (ሱ.ወ.) በብዕርና በሚጻፈው ነገር ምሎ ነቢዩ እብድ አለመሆናቸውን የሚያጸናበት ነው። ብዕርና እብደት በአንድ ምዕራፍ መክፈቻ ላይ መገናኘታቸው የሚያስተነትን ነው።

ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያ ነገር «እብድ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ የበሽታ ስም አለመሆኑን ነው። ብዙ ጊዜ ኃይል ያለው ሰው የማይወደውን እውነት የሚናገረውን ዝም የሚያሰኝበት መሣሪያ ነው።

የአገራችን ሥነ ጽሑፍ ይህን በደንብ ያውቀዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ፣ ወይም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሁሉ ጉዱ ካሣን ያስታውሳል። ካሣ የተማረ ሰው ነው። የዘመኑ የባላባት ሥርዓት እንደሚፈርስ ያያል፤ ያየውንም ይናገራል። የአካባቢው ሰው ግን «ጉዱ» የሚል ስም ለጠፈበት፤ እንደ እብድም ቆጠረው። ደራሲው በጎጃም ምድር የሣለው ይህ ሰው በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ እብድ የተባለ ጤነኛ ዋነኛ ምሳሌ ሆኖ ቀርቷል።

በሙስሊሙ ዓለም ሥነ ጽሑፍም እንዲህ ያለ ሰው አለ። በኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ786 እስከ 809) ኖረ የሚባለው ቡህሉል በየመንገዱ እየዞረ፣ ልጆች ድንጋይ እየወረወሩበት፣ ለኸሊፋው ሌላው ሰው የማይደፍረውን ምክር ይነግር እንደነበር ብዙ ተተርኳል። በ406 ዓመተ ሂጅራ ያረፈው አን-ነይሳቡሪይ «ዑቀላኡል መጃኒን» ማለትም «ዐዋቂ እብዶች» የተሰኘ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፏል። ሌላው ዝነኛ ሰው ደግሞ በለይላ ፍቅር አእምሮውን ስቶ ወደ ምድረ በዳ ገባ የሚባለው ቀይስ ነው። እርሱማ ስሙ ራሱ ጠፍቶ «መጅኑን» ብቻ ሆኖ ቀረ። የፋርሱ ባለቅኔ ኒዛሚ እ.ኤ.አ. በ1188 ታሪኩን በረጅም ግጥም ከጻፈው ወዲህ ከሕንድ እስከ ቱርክ ያልተረከው የለም።

ሥነ ጽሑፉ የዘነጋው በሽተኛ

ውድ አንባቢያን! እነዚህ ሁሉ ያማሩ ታሪኮች ናቸው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እናንሳ። ከነዚህ መካከል በእርግጥ የታመመው ማን ነው?

ቡህሉል በተረቱ ውስጥ መልስ አጥቶ አያውቅም። ጉዱ ካሣ ጤነኛ ከተባሉት ሁሉ የተሻለ ይናገራል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው የሼክስፒር «ሐምሌት» ውስጥም ልዑሉ እብድ መስሎ ይመላለሳል። ኦፊልያ ግን በእውነት አእምሮዋ ታውኮ ውሃ ውስጥ ሰጥማ ትሞታለች። ቴአትሩን ያየ ሰው ለዘመናት የሚያስታውሰው ግን በእውነት የታመመችውን ልጅ ሳይሆን እብድ የመሰለውን ልዑል ነው።

ሥነ ጽሑፍ ለእብድ ሁለት ፊት ሰጥቶታል። አንዱ መሳቂያ ነው፤ ሌላው ጠቢብ ነው። በኪታብ ቤት አካባቢ ደግሞ «መጅዙብ» ማለትም ወደ ጌታው የተሳበ የሚባል ሦስተኛ ፊት አለ። እውነተኛው የአእምሮ ሕመም ግን ከሦስቱ አንዱንም አይመስልም። ሕመምተኛው የሌለ ድምፅ እየሰማ ይፈራል። ወንድሙ መርዝ ያበላኛል ብሎ ምግብ ይተዋል። ሌሊት አይተኛም። ወይም ደግሞ ምንም ሳይናገር ከማዕዘን ቁጭ ብሎ ወራት ያሳልፋል። ብልህ መልስ የለውም። በሽታው አስቀድሞ የሚወስድበት መልስ መስጠቱን ነውና።

ከመጅኑን ታሪክም አንድ ጎጂ ልማድ ወርሰናል። ለእብደት ሁሉ ተረት እንፈልጋለን። «ሴት ናት ያሳበደችው»፣ «ትምህርት በዝቶበት ነው»፣ «የሰው ገንዘብ በልቶ ነው» እንላለን። ኩላሊቱን የታመመን ሰው ምን አጠፋህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አእምሮውን የታመመ ቤተሰብ ግን የሠፈሩን ምርመራ ሁሉ ይቆማል። ከዚያም እናት በሐፍረት ልጇን ጓዳ ትደብቃለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እየተባለ በሚተረትበት አገር፣ ደባቂዋ እንድትደብቅ ያስገደድናት እኛው ነን።

ብዕሩ ሲነሳ

አሁን ወደ ዲናችን እንመለስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ብዕር ከሦስት ሰዎች ላይ እንደተነሳ አስተምረዋል። እነርሱም የተኛ ሰው እስኪነቃ፣ ሕፃን እስኪደርስ፣ አእምሮው የታወከ እስኪመለስለት ድረስ ናቸው። ይህ ብዕር ሥራችንን የሚመዘግበው ብዕር ነው። ፉቀሃዎች በዚህ ላይ ትልቅ ሕግ ገነቡ። አእምሮውን ባጣበት ጊዜ ሰላትና ጾም አይጠየቅም፤ ሽያጩም ፍቺውም አይጸናም፤ ወንጀል ቢሠራ የቅጣት ተጠያቂነት የለበትም። ወሎ ውስጥ ሁለቱም መዝሀቦች ይቀራሉና፣ ዘካን በተመለከተ ያላቸውን ልዩነት ደረሳ ሁሉ ያውቀዋል። በሻፊዒይ መዝሀብ ከሕመምተኛው ገንዘብ ላይ ወሊዩ ያወጣለታል። በሐነፊይ መዝሀብ ከእርሻው ምርት በቀር አይወጣበትም። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ያስማማቸዋል፤ ሕመምተኛው ንብረቱ በስሙ የሚጠበቅለት ባለ መብት ሰው ነው። ሱረቱ ኒሳእም ገንዘባቸውን በአግባቡ መያዝ ለማይችሉ ሰዎች መብልና ልብስ እንዲሰጣቸው ካዘዘ በኋላ መልካም ንግግር እንዲነገራቸው ያክልበታል። አስተውሉ! ዳቦ ብቻ አልበቃም፤ ቃልም ታዝዞላቸዋል።

የነቢዩን ተግባር የሚያሳዩ ሁለት ታሪኮችም አሉ። በቡኻሪይና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ የሚጥል በሽታ ያለባት አንዲት ጥቁር ሴት መጥታ ስትወድቅ ሰውነቷ እንደሚገለጥ ነገረቻቸው። እርሳቸውም ታግሣ ጀነትን ማግኘትን ወይም እንድትድን ዱዓ እንዲያደርጉላት መምረጥ እንደምትችል ነገሯት። ትዕግሥትን መረጠች። ነገር ግን እንዳትገለጥ ዱዓ እንዲያደርጉላት ለመነች፤ አደረጉላትም። አልገሠጿትም፤ ምን ኃጢአት ሠርተሽ ነው አላሏትም፤ ምርጫውን ለራሷ ሰጧት። ያሳሰባት ክብሯ ነበር፤ የጠበቁላትም ክብሯን ነው። እኛ «ጨርቁን ጣለ» ብለን የምንስቅበትን ነገር ዱዓ አደረጉበት።

ሁለተኛው ሙስሊም የዘገበው ነው። አእምሮዋ ላይ አንድ ነገር ያለባት የመዲና ሴት ጉዳይ አለኝ ስትላቸው፣ በልጇ ስም አክብረው ጠርተው የፈለግሽውን መንገድ ምረጪ አሏት፤ ጉዳይዋ እስኪያልቅ ድረስም አብረዋት ቆሙ። የአላህ መልእክተኛ ለእርሷ ጊዜ ነበራቸው።

ከቢማሪስታን እስከ አማኑኤል

ከዚህ ትምህርት ተቋማት ተወለዱ። ኑረዲን ዘንኪ እ.ኤ.አ. በ1154 በደማስቆ፣ ሱልጣን ቀላውን እ.ኤ.አ. በ1284 በካይሮ፣ አርጉን አል-ካሚሊይ እ.ኤ.አ. በ1354 በሐለብ ቢማሪስታን የተባሉ ሆስፒታሎችን ሠሩ። ወጪያቸው በወቅፍ ይሸፈን ነበር፤ ለአእምሮ ሕሙማንም የተለየ ክፍል ነበራቸው። የሐለቡ ቢማሪስታን ክፍሎች ፏፏቴ ባለበት ግቢ ዙሪያ የተሠሩ ናቸው። ከዚያም በፊት በ322 ዓመተ ሂጅራ ያረፈው አቡ ዘይድ አል-በልኺይ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው መጽሐፍ፣ ምክንያቱ የሚታወቅን ሐዘን ምክንያቱ ከማይታወቅ ሐዘን ለይቶ፣ ነፍስም እንደ አካል እንደምትታመም አብራርቷል።

ታሪክን ስናነብ ግን ማሳመር ብቻ አይገባንም። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተጓዘው ኢብኑ ጁበይር በካይሮ የብረት መስኮት ያላቸውን ክፍሎች፣ በደማስቆ ደግሞ በሰንሰለት የታሰሩ ሕሙማንን ማየቱን ጽፏል። ሕክምናውም ሰንሰለቱም በአንድ ግቢ ነበሩ።

በእኛ አገርስ? ዛርና ልክፍት የበሽታውም የሕክምናውም ስም ሆነው ኖረዋል። ፈረንሳዊው ደራሲ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ መልካም አየሁ የተባለችን የዛር ባለቤት ቤት እየተመላለሰ አጠና፤ እ.ኤ.አ. በ1958ም የዛርን ቴአትራዊ ገጽታ የሚያሳይ መጽሐፍ አሳተመ። ያስተዋለው ነገር ቁም ነገር አለው። በራሷ አፍ መናገር የማትችለውን ሴት ዛሩ ይናገርላታል። በእስልምና ሚዛን ለዛር መገበር ሽርክ ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ነገር ግን ሰው ለምን ወደዚያ ሄደ ብለን እንጠይቅ። እዚያ ቡና ይፈላል፤ ሰው ይሰበሰባል፤ ሕመምተኛዋም ትሰማለች። እኛ ያልሰጠናትን ጆሮ ከዚያ ፈለገች።

ዘመናዊው የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል በ1930 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። ለብዙ አሥርተ ዓመታትም በአገሪቱ ብቸኛው ነበር። የሐብሩ ገበሬ ልጁን ለማሳከም አገር አቋርጦ መሄድ ነበረበት። ሕጉም ይህን ያውቅ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ሰው በሆስፒታል ከተኛ እብደቱ የታወቀ ነው ይላል። ነዋሪያቸው ከ2,000 በታች ለሆነ የገጠር ቀበሌዎች ግን ሌላ ምልክት አስቀመጠ፤ ቤተሰቡ የሚጠብቀውና እንደ ልቡ እንዳይዘዋወር የከለከለው ሰው እብደቱ እንደታወቀ ይቆጠራል። የገጠሩ ሆስፒታል የቤተሰቡ ጓዳ እንደነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48፣ በሕመም ምክንያት የሚሠራውን የማያውቀውን ሰው ከቅጣት ነፃ ሲያደርግ ደግሞ፣ ፉቀሃዎች ስለ ተነሳው ብዕር ካሉት ጋር ይገናኛል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በቡታጅራ አካባቢ፣ ሙስሊሞች በሚበዙበት ገጠር፣ የአገራችን ሐኪሞች ሰፊ ጥናት አካሄዱ። ሕዝቡ የአእምሮ በሽታ ምልክት ብሎ በቀዳሚነት የጠቀሳቸው ብዙ ማውራትን፣ መደባደብንና እንግዳ ጠባይን ነበር። ለአካል በሽታ ሐኪም፣ ለአእምሮ በሽታ ግን ባህላዊ ሕክምና ይመረጥ ነበር። በኋላም ከ68 ሺህ በላይ ጎልማሶች ቤት ለቤት ሲጠየቁ፣ ስኪዞፍሬንያ የተባለው ከባድ ሕመም ከ1,000 ሰዎች በአምስት ያህሉ ላይ ተገኘ። አብዛኞቹም ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ይህ ምን ይነግረናል? የሚጮኸውን እናያለን፤ ዝም ብሎ የሚጠፋውን አናይም።

ወሎ ደግሞ ዝም የሚያሰኝ ነገር አላነሰውም። የ1965 እና የ1966 ረሃብ፣ የ1977 ረሃብ፣ ከ2013 ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ በሰሜን ወሎ ያለፈው ጦርነት፣ ሁሉም በዚህ አስፋልት ግራና ቀኝ አልፈዋል። የፈረሰ ቤት ይቆጠራል፤ የተዘረፈ ከብት ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ያጣችውን እናት፣ ሰው ሲጠራው የሚደነግጠውን ልጅ ግን በየትኛው መዝገብ አሰፈርነው?

ታዲያ ምን እናድርግ?

«ጅን ነው ወይስ በሽታ?» የሚለው ክርክር ብዙ ሰው አዘግይቷል። በጅን መኖር እናምናለን፤ በቁርኣን ማስቀራትም ሱንና የደገፈው ነገር ነው። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምና ፈልጉ ብለዋል፤ አላህ በሽታን ያለ መድኃኒት እንዳላወረደም አስተምረዋል። ቁርኣን የሚቀራለት ሰው ኪኒን አይከለከልም፤ ኪኒን የሚውጥም ዱዓ አይከለከልም። ጅን ይወጣል ብሎ ሕመምተኛን መደብደብ፣ ማስራብ፣ በጭስ ማፈን ግን ሩቅያ ሳይሆን በደል ነው። ተበዳዩ ደግሞ ብዕር የተነሳለት ሰው ነው። በእኛ ላይ ያለው ብዕር ግን አልተነሳም! ያሰርንበት ገመድ፣ የወረወርንበት ድንጋይ፣ የሣቅንበት ሣቅ ሁሉ ይጻፋል።

ስለዚህ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ክብሪት ጭሮ ማሽተት ይቅር። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከ10 እንዲህ ያሉ ሕሙማን እስከ ሰባቱ በተገቢው መድኃኒት ከመውደቅ ሊድኑ ይችላሉ። አእምሮው የታመመ ሰው በጊዜ ጤና ጣቢያ ይድረስ፤ ከዚያም ወደ ሆስፒታል የሚላክበትን ወረቀት ቤተሰቡ ይጠይቅ። በተሻለው ማግሥት መድኃኒቱ አይቋረጥ፤ «እስከ እኩለ ቀን» የተባለውን ተረት እውነት የሚያስመስለው ብዙ ጊዜ ይህ መቋረጥ ነውና። ኢማሞቻችን በጁሙዓ ኹጥባ ስለዚህ ይናገሩ። ጎረቤት ጓዳ የታሰረ ልጅ መኖሩን ሲያውቅ ለወሬ ሳይሆን ለእርዳታ በሩን ያንኳኳ። ልብ ወለድ የምትጽፉ ወጣቶችም ጠቢቡንና መሳቂያውን እብድ ለጊዜው ተዉትና፣ ሁለት ዓመት ታሞ ስለዳነው፣ ሱቁን ስለከፈተው፣ ልጆቹን ስለሚያስተምረው ሰው ጻፉልን። እርሱ እስካሁን ታሪኩን የሚጽፍለት አላገኘም።

ከሁሉ በፊት ግን የሁላችንም አቅም የሚችለው አንድ ነገር አለ። ነገ በየከተማችሁ ያ ሰው ሲያልፍ እናቱ ባወጣችለት ስም ጥሩት፤ ሰላምታም ስጡት። መልስ ላይሰጥ ይችላል። እናንተ ግን አብሽር በሉት።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ዓፊያን፣ ለሚያስታምሙትም ሶብርን ይወፍቅልን። አሚን።